ለተሰዉ ፖሊሶች ለቅሶ መድረስ፦ የዋሽንግተኑ የሜይ ቅዳሜና እሁድ ከሀ እስከ ፐ

"ወረቀቱን ያዝልኝ፣ ነፋሱ እየወሰደብኝ ነው" አሉኝ ሴትዮዋ።

ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ፈረንጅ ናቸው። እብነ በረዱ ላይ አንድ ነጭ ወረቀት ለጥፈው በአንድ እጃቸው ሊይዙት ይታገላሉ። ሁለቱን ጫፍ በአውራ ጣቴ ተጭኜ ያዝኩላቸው። እሳቸው እርሳሱን አጋድመው ወረቀቱን ቀስ ብለው ማሸት ጀመሩ። መጀመሪያ የታየው ግራጫ ብቻ ነው። ከዚያ ከግራጫው መሐል አንድ ነጭ ፊደል ብቅ አለ። ቀጥሎ ሌላ። ስሙ ሞልቶ ሲወጣ እርሳሱን ኪሳቸው ከተው ወረቀቱን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

"የመጨረሻ ልጄ ነው" አሉ።

ቦታው ዋሽንግተን ዲሲ ያለው፣ በሥራ ላይ የተሰዉ የሕግ አስከባሪዎች ስም የተቀረጸበት መታሰቢያ (ናሽናል ሎው ኢንፎርስመንት ኦፊሰርስ ሜሞሪያል) ነው። ወደዚያ የወሰደኝ የእህቴ ልጅ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ፖሊስ ሆኖ ከተቀጠረ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። "ጋሼ፣ ዘንድሮ አብረን እንሂድ" አለኝ። እኔ ሰልፍ የማይ መስሎኝ ነበር። የጠበቀኝ ግን ለቅሶ ነው። ድንኳንና ፍራሽ የሌለው፣ ሙሾ የማይወርድበት ለቅሶ። ለቅሶ መድረስ ደግሞ እኛ እናውቅበታለን። ይህን መመሪያ የምጽፈውም ለዚህ ነው። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ይህን ያህል ሰው ሆነን እየኖርን በየዓመቱ ደጃችን የሚደረገውን ይህን መታሰቢያ ብዙዎቻችን መንገድ ሲዘጋብን ብቻ ነው የምናውቀው።

መጀመሪያ ቀኑን ቁረጡ

ቀኑ ሜይ 15 ነው። በእኛ ግንቦት 7። ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ በ1962 ይህ ቀን የተሰዉ የሕግ አስከባሪዎች መታሰቢያ እንዲሆን፣ ቀኑ የሚውልበት ሳምንትም የፖሊስ ሳምንት እንዲባል በፊርማቸው አጸደቁ። አሁን ያለው ትልቅ ሥነ ሥርዓት ግን የመጣው ቆይቶ ነው። በ1982 ከምክር ቤቱ አጠገብ ባለው የሴኔት ፓርክ የተሰበሰቡት 120 የሚሆኑ ሰዎች ብቻ ነበሩ። ዛሬ ከየስቴቱ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይመጣሉ።

ሳምንቱ ከእሁድ እስከ ቅዳሜ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ሠራተኛ ሰው ሁለት ምርጫ አለው። አንዱ መክፈቻው እሁድ፣ ሌላው መዝጊያው ቅዳሜ። እኔ የምመክረው መዝጊያውን ቅዳሜና ማግስቱን እሁድ ነው። በዚያን ጊዜ ግድግዳው ሥር አበባው፣ ፎቶውና ደብዳቤው ተከምሯል። የመንገዱ ግርግርም ቀለል ይላል።

ሁለት ቀኖች ግን ከሥራ ቀን ጋር ቢጋጩም ልብ በሉ። ሜይ 13 ማታ የሻማው ምሽት ነው። ሜይ 15 ደግሞ በምክር ቤቱ ሕንጻ፣ በካፒቶሉ ምዕራብ በኩል የመታሰቢያው ጸሎት ይደረጋል። በ2027 ሜይ 15 ራሱ ቅዳሜ ላይ ይውላል፣ ለቤተሰብ የሚመች ዓመት ነው። አንድ ነገር እንዳያደናግራችሁ። በመታሰቢያው ቀን የአገሪቱ ባንዲራ ዝቅ ብሎ እንዲውለበለብ ሕግ ያዛል። ቀኑ ከጦር ኃይሎች ቀን ጋር ከገጠመ ግን ሕጉ ያን ዕለት ለይቶ ያወጣዋል። የጦር ኃይሎች ቀን የሜይ ሦስተኛው ቅዳሜ ነው። በ2027 ሁለቱ ይገጥማሉ።

ሰዓትና ቦታ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይለወጣል። ከመሄዳችሁ አንድ ሳምንት በፊት የዓመቱን ፕሮግራም ከመታሰቢያው ድረ ገጽ ላይ እዩ።

ከቤት ሳትወጡ አንድ ስም ምረጡ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። ግድግዳው ላይ ከ24 ሺህ በላይ ስም ተቀርጿል። ዝም ብላችሁ ከሄዳችሁ የምታዩት ድንጋይ ነው። የአንድ ሰው ስም ይዛችሁ ከሄዳችሁ ግን አንድ ሰው ዘንድ ትደርሳላችሁ። ለቅሶ ቤት የሚሄድ ሰው ለማን እንደሄደ ያውቃል አይደል?

ስም ለማግኘት ብዙ መንገድ አለ። የመጀመሪያው ቅርባችሁን ማየት ነው። የምትኖሩበትን ካውንቲ ወይም ከተማ ፖሊስ ስም በመታሰቢያው ድረ ገጽ መፈለጊያ ላይ አስገቡ። ከዚያ መሥሪያ ቤት የተሰዉት በሙሉ ይወጣሉ። በየቀኑ በምታልፉበት መንገድ ላይ ሰው መውደቁን ያኔ ታውቃላችሁ። እኔ ስምንት ዓመት ነዳጅ ስቀዳበት የኖርኩት ማደያ አጠገብ አንድ ፖሊስ በመኪና ተገጭቶ መሞቱን ያወቅኩት እንዲህ ነው። የተበላሸች መኪና ሊረዳ ወርዶ ነበር።

ብዙ ሰው ፖሊስ ሞተ ሲባል የሚታየው ተኩስ ነው። የመኪና አደጋውም ብዙ ነው። በኮቪድ ዘመንም ሥራ ላይ ሳሉ በያዛቸው በሽታ ብዙዎች አልፈዋል፣ ስማቸውም እዚያው ተቀርጿል።

ከልጆች ጋር ከሆናችሁ ታሪክ ያለው ስም ብትይዙ ይሻላል። ለምሳሌ ጄኮብ ቸስትነትና ጆን ጊብሰን። ሁለቱም የካፒቶል ፖሊሶች ነበሩ። ጁላይ 24 ቀን 1998 አንድ ታጣቂ ምክር ቤቱ ውስጥ ሲገባ ሕንጻውን ሲጠብቁ ወደቁ። አስከሬናቸው በምክር ቤቱ ትልቁ ጉልላት ሥር በክብር ተቀመጠ። እዚያ ቦታ ላይ ይህን ክብር ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ቸስትነት ነው። ሴት ልጅ ያላችሁ ደግሞ አና ሃርትን ፈልጉ። ሲንሲናቲ ውስጥ የእስር ቤት ጠባቂ ነበረች። በ1916 ተገደለች። በሥራ ላይ ከተሰዉት የሕግ አስከባሪ ሴቶች የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 በአንድ ጠዋት የወደቁት የሕግ አስከባሪዎችም 72 ናቸው፣ ከእነሱ አንዱን መውሰድ ይቻላል።

ስሙን ስታገኙ ከጎኑ ቁጥር አለ። እሱን ጻፉት። ስሞቹ በፊደል ተራ አይደሉም፣ በዓመተ ምሕረትም አይደሉም። በየዓመቱ አዲስ ስም ስለሚጨመር ተራ መጠበቅ አይቻልም። በ1786 የሞተ ሰው አምና ከሞተው አጠገብ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ካልያዛችሁ ማግኘት የማይታሰብ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የድንጋዩ ሰሌዳ ነው። ቀጥሎ ያለው ፊደል ምዕራብ ወይም ምሥራቅ ግድግዳ መሆኑን ይነግራችኋል። የመጨረሻው መስመሩ ነው። ከረሳችሁም መግቢያው ላይ የስም መዝገብ አለ።

ከረጢቱ ውስጥ

ነጭ ስስ ወረቀት፣ ለስላሳ እርሳስ፣ ወረቀቱ እንዳይጨማደድ የሚገባበት የካርቶን ቱቦ። ወረቀትና እርሳስ እዚያም ይሰጣሉ፣ ሰው ሲበዛ ግን ወረፋ አለ። ውሃ፣ ኮፍያ፣ ምቹ ጫማ። ሜይ ላይ ዲሲ ቀን ይሞቃል፣ ማታ ይቀዘቅዛል። ነጠላ መያዝ ለሁለቱም ይጠቅማል። ደግሞም ለቅሶ ነው፣ ነጠላ ነውር የለውም። እናቴ ብትኖር ዘቅዝቃ ነበር የምትለብሰው።

መኪናችሁን ቤት ተዉት

የመጀመሪያው ዓመት በመኪና ሄድኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ዞርኩ። መንገዱ ተዘግቷል፣ ፓርኪንጉ ሞልቷል፣ የእህቴ ልጅ ደግሞ ስልክ እየደወለ ነው። ስደርስ የክብር ዘቡ ተቀያይሮ አልቋል።

ባቡሩ ይሻላል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ለሚነሳ ቀዩ መስመር ሳይቀየር ጁዲሺየሪ ስኩዌር ያደርሳል። ከአሌክሳንድሪያ የሚመጣ በቢጫው ጋለሪ ፕሌስ ይወርድና ወይ በቀዩ አንድ ፌርማታ ይጨምራል፣ ወይ ጥቂት ብሎክ በእግሩ ይሄዳል። ቅዳሜና እሁድ የሐዲድ ጥገና ስለሚበዛ ጠዋት አረጋግጡ። ጁዲሺየሪ ስኩዌር ስትወርዱ በኤፍ ስትሪት በኩል ያለውን መውጫ ያዙ። ደረጃው ሲያልቅ መታሰቢያው ፊታችሁ ነው።

ግድግዳው ዘንድ

ቦታው ቀንና ሌሊት ክፍት ነው። መግቢያ አይከፈልም። ኦክቶበር 15 ቀን 1991 በፕሬዚዳንት ጆርጅ ኤች ደብሊው ቡሽ ተመረቀ። የዚያን ጊዜ የነበረው ስም ከ12 ሺህ ጥቂት ይበልጥ ነበር። አሁን እጥፍ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ የሞቱት ብቻ አይደሉም የተጨመሩት። ተረስተው የነበሩ የጥንት ሟቾችም መዝገብ እየተገላበጠ ተገኝተዋል።

ግራና ቀኝ ሁለት ግድግዳ አለ። ሰማያዊ የሚመስል ግራጫ እብነ በረድ ነው። ዝቅ ያለና እንደ ክንድ ጎበጥ ያለ ነው። የእያንዳንዱ ርዝመት 93 ሜትር ገደማ ነው። ቁመቱ ዝቅ ማለቱን ወድጄዋለሁ። ልጅ በእጁ ይደርስበታል፣ አሮጊት ሳትንጠራራ ትዳስሰዋለች።

መጀመሪያ አንበሶቹ ጋ ቁሙ። ከነሐስ የተሠሩ ናቸው፣ ቀራጺው ሬይመንድ ካስኪ ነው። በየግድግዳው ጫፍ አንድ ትልቅ አንበሳ ተኝቶ ግልገሎቹን ይጠብቃል። እኛ አንበሳ ስናይ ስድስት ኪሎ ወይም ለገሃር ነው ትዝ የሚለን። ያ አንበሳ ደረቱን ነፍቶ የቆመ ነው። ይኼኛው ጋደም ብሏል፣ ዓይኑን ግን አልከደነም። ለልጆቻችሁ ልዩነቱን አሳዩአቸው። የእህቴ ልጅ "የሌሊት ተረኛ ማለት ይኸው ነው" ያለኝ አንበሳውን እያየ ነው።

ከዚያ ወደ ስማችሁ ሂዱ። ቀስ በሉ። በመንገዳችሁ ላይ የተንበረከከ ሰው ይኖራል፣ በኋላው እለፉ እንጂ በፊቱ አትለፉ። ግድግዳው ሥር የተቀመጠውን ነገር አትንኩ፣ አታንሱ። የቢራ ጣሳ ታያላችሁ፣ የልጅ ጫማ ታያላችሁ፣ የምረቃ ካርድ ታያላችሁ። እኔ አንድ ጊዜ ያየሁት የአልትራሳውንድ ፎቶ ነው። ከሥሩ "አያት ልትሆን ነው" ተብሎ በእስክሪፕቶ ተጽፎበታል። ሟቹ ሊያነበው ነው የተጻፈው።

ስሙን ስታገኙ መጀመሪያ ጮክ ብላችሁ ጥሩት። ማፈር የለም። እዚያ ሁሉም ይጠራል። ከዚያ ወረቀቱን ለጥፉ። ጫፉን ሌላ ሰው ይያዝላችሁ፣ ብቻችሁን ከሆናችሁ አጠገባችሁ ያለውን ለምኑ። ማንም እምቢ አይልም። እርሳሱን በጫፉ ሳይሆን በጎኑ ተጠቀሙ። አትጫኑት። ከመሐል ጀምራችሁ ወደ ዳር ውጡ። ወረቀቱ ከተንሸራተተ ፊደሉ ሁለት ስለሚሆን በአዲስ ወረቀት እንደገና ጀምሩ። ሲያልቅ አትጠፉት፣ ጠቅልላችሁ ቱቦው ውስጥ ክተቱት። እርሳሱ ስለሚለቅ በላዩ ሌላ ንጹሕ ወረቀት ደርቡበት።

አበባ ብትተዉ መልካም ነው። ደብዳቤ ግን ይበልጣል። በአማርኛ ቢሆንስ? ይሁን። ልጆች ሥዕል ይሣሉ። ለማያውቁት ሰው ምን ይጽፋሉ ካላችሁ፣ የእኔ ልጅ የጻፈችው "ስምህን ዛሬ አነበብኩት" የሚል ብቻ ነው። በቂ ነበር።

ስለ ዩኒፎርሙ ጥያቄ ይነሳ ይሆናል። ባጃቸው ላይ በአግድሙ የታሰረው ጥቁር ነገር የሐዘን ምልክት ነው፣ እንደኛ ጥቁር ልብስ ማለት ነው። እጃቸው ላይ ስም የተጻፈበት አምባር ያደረጉ ብስክሌተኞች ካያችሁ ደግሞ የፖሊስ ዩኒቲ ቱር አባላት ናቸው። በ1997 አሥራ ስምንት ሰዎች ከኒው ጀርሲ ተነስተው እስከዚህ ፔዳል መቱ። አሁን በየዓመቱ ከ2 ሺህ ይበልጣሉ። ሜይ 12 ይደርሳሉ። አምባሩ ላይ ያለው ስም የሚጓዙለት ሰው ስም ነው። "ለማን ነው የመጣኸው?" ብላችሁ ብትጠይቁ ደስ ብሏቸው ይነግሯችኋል።

ጊዜ ከተረፋችሁ ከመንገዱ ማዶ በኢ ስትሪት በኩል በ2018 የተከፈተው የሕግ አስከባሪዎች ሙዚየም አለ። አብዛኛው ክፍሉ ከመሬት በታች ነው። ቲኬት ይገዛል። እኔ በአንድ ቀን ሁለቱንም አልመክርም። ግድግዳው ራሱ ይከብዳል።

የሻማውን ምሽት የምትችሉ ከሆነ

ሜይ 13 ማታ በናሽናል ሞል፣ በመሐል ከተማው ሰፊ ሜዳ ላይ ነው። በዚያ ዓመት ግድግዳው ላይ የተጨመሩት ስሞች አንድ በአንድ ይነበባሉ። የፊቱ ወንበር የቤተሰብ ነው፣ እናንተ ከኋላ ናችሁ። ፍተሻ ስላለ ትልቅ ቦርሳ አትያዙ። ቀድማችሁ ድረሱ።

ሻማው ሲበራ የትንሣኤን ሌሊት ታስታውሳላችሁ። አንዱ ከአንዱ እየለኮሰ ብርሃኑ ሜዳውን ይሞላዋል። ከዚያ ስሙ ይጀምራል። ረጅም ነው። ልጆች ይሰለቻሉ፣ እግርም ይዝላል። ቢሆንም መሐል ላይ አትውጡ። የፊት ወንበር ላይ ያለችው ሚስት ተራዋን የምትጠብቀው ልቧ እየመታ ነው። በጀርባዋ ሰው ሲበተን መስማት የለባትም።

በሜይ 15ቱ ጸሎት ላይ ደግሞ ቤተሰቦች አበባ እያመጡ በትልቁ ጉንጉን ላይ ይሰካሉ። ጉንጉኑ በኋላ ወደ ጁዲሺየሪ ስኩዌር ይሄድና የክብር ዘብ እስከ ሌሊት ይቆምለታል። የክብር ዘቡ ሲቀያየር ማውራት፣ መብላት፣ ስልክ ማንሳት አይገባም። ኮፍያ ይወልቃል።

ምን ይባላል?

"እግዜር ያጥናችሁ" ማለት በእንግሊዝኛ አይመጣልንም ብለን ዝም እንላለን። ዝምታም ይበቃል፣ አብሮ መቀመጥ ከተጨመረበት። መናገር ከፈለጋችሁ ሁለት ነገር በሉ። መጀመሪያ ስሙን። ቀጥሎ "ምን ዓይነት ሰው ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ። ሐዘንተኛ ይህን ጥያቄ ይወዳል። ሴትዮዋ ስለ ልጃቸው ያጫወቱኝ ስለ አሟሟቱ አልነበረም። ቶስት ሁልጊዜ ያሳርር እንደነበር ነው የነገሩኝ።

እንዴት ሞተ ብላችሁ አትጠይቁ። ገዳዩ ተያዘ ወይ አትበሉ። "ጊዜ ይፈውሳል" አትበሉ። የሚያለቅስ ሰው ፎቶ አታንሱ። ሰላምታ ላይ መተቃቀፍ የማይወድ ስላለ እጃችሁን ዘርጉና የሚሆነውን እዩ።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ውሸት ይሆንብኛል። ከመካከላችን ፖሊስ ሲባል ደሙ የሚፈላ አለ። አገር ቤት ያየውን አይቶ የመጣ አለ። እዚህም መንገድ ላይ የተንገላታ አለ። እኔም አንድ ሌሊት ያለ ጥፋቴ መኪናዬ ኮፈን ላይ እጄን ዘርግቼ ቆሜያለሁ። ያንን አልረሳሁም፣ እርሱትም አልላችሁም። ስለ ፖሊስ ሥራ ክርክር ያስፈልጋል፣ ቦታም አለው። ነገር ግን ለቅሶ ቤት ሄዶ ሙግት የሚከፍት ሰው አሳድገን አናውቅም። አባቷን ያጣች የስድስት ዓመት ልጅ ፊታችሁ ስትቆም የምትሰጧት ነገር ሐዘናችሁን ብቻ ነው።

ማስጠንቀቂያም አለኝ። በዚህ ሰሞን በፖሊስ ስም ስልክ እየደወሉ ገንዘብ የሚለምኑ አጭበርባሪዎች አሉ። በስልክ ለጠየቀ የካርድ ቁጥር አትስጡ። መርዳት ከፈለጋችሁ ራሳችሁ ፈልጋችሁ ስጡ። ኮንሰርንስ ኦፍ ፖሊስ ሰርቫይቨርስ የሚባለው ከ1984 ጀምሮ የሟች ቤተሰቦችን ይዞ የሚሠራ ድርጅት ነው። በዚህ ሳምንትም ዲሲ አካባቢ ለሚስቶች፣ ለባሎች፣ ለወላጆችና ለልጆች ስብሰባ ያደርጋል።

እሁድ፣ ቤታችሁ

ቅዳሜ ግድግዳው ዘንድ ከዋላችሁ እሁድ ሰው ጥሩ። ብዙ አይደለም፣ አምስት ስድስት ሰው ይበቃል። የምታውቁት የፖሊስ ቤተሰብ ካለ ቀድማችሁ ንገሩት። ጎረቤትም ይሁን፣ የሥራ ባልደረባ። ሌላው ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ መልስ ይመጣል።

የምግቡ ነገር ቀላል ነው። ሜይ 15 ሁልጊዜ ከፋሲካ በኋላ፣ በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ነው የሚውለው። ረቡዕና ዓርብም ቢሆን ጾም የለም። እንግዳው በርበሬ ካልለመደ ዶሮ አልጫ ሥሩ። ሙስሊም እንግዳ ካለ ሥጋውን ከሐላል ቤት ግዙ፣ ለሁሉም አንድ ድስት ይሆናል። ድፎ ዳቦ ካለ የሚቆርሰው ከመካከላችሁ ትልቁ ሰው ይሁን። የቤት ምግብ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ልውሰድ የምትሉ ካላችሁ ቀድማችሁ ደውሉ፣ ብዙ ቦታ የታሸገ ካልሆነ አይቀበሉም።

ቡናው ሲፈላ ዕጣኑን በልክ አድርጉ። አፓርታማ ከሆነ መስኮት ክፈቱ፣ ስሞክ ዲቴክተሩ ጸሎት መሐል እንዳይጮህ። ከረከቦቱ አጠገብ አንድ ሻማ አብሩ። ግድግዳው ላይ ያነሳችሁትን ወረቀት ዘርጉት። ያመጣው ሰው ስሙን ያንብብ፣ ስለሰውየው ያገኘውን ይናገር። ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ የፈለገ የራሱን ይጨምር። ክርስቲያኖች ከሆናችሁ ጸሎቱን በቅዱስ ሚካኤል ስም ማድረግ ይቻላል። እዚህም ካቶሊኮቹ የፖሊስ ጠባቂ የሚሉት እሱን ነው። የእኛ የግንቦት ሚካኤል ደግሞ ግንቦት 12፣ ማለትም ሜይ 20 ነው፣ ሳምንት አይሞላም። እንግሊዝ ያላችሁም በዚሁ መልአክ ቀን ዙሪያ ነው የምታስቡት። የእነሱ የፖሊስ መታሰቢያ ከ2004 ጀምሮ ለሴፕቴምበር 29 በሚቀርበው እሁድ ይውላል፣ በየዓመቱም በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ ይዘዋወራል።

"የራሱን ይጨምር" ያልኩት በምክንያት ነው። ከመካከላችን አባቱ ወይም ወንድሙ አገር ቤት ፖሊስ ሆኖ የወደቀበት ሰው አለ። ስሙ የትም እብነ በረድ ላይ የለም። ባለፈው ዓመት አንድ ወዳጄ እኛ ቤት መጥቶ እስከ ሁለተኛው ቡና ዝም አለ። ከዚያ ከኪሱ መሐረብ አወጣ። ሲፈታው ፊሽካ ነው። የናስ ፊሽካ፣ አፉ ጋ በጥርስ የተበላ። የአባቱ ነው። እሱ የሰባት ዓመት ልጅ እያለ ነው አባቱ ከተረኝነት ያልተመለሱት። እኔ ወዳጄን ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ፣ አባቱ ፖሊስ እንደነበሩ ግን አልነገረኝም ነበር።

ፊሽካውን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠው። የአባቱን ስም ከነአያታቸው ጠራ። የእህቴ ልጅ ብድግ ብሎ ቆመ፣ እኛም ተነሳን። የወዳጄ ትንሹ ልጅ ፊሽካውን አንስቶ ወደ አፉ ሲያስጠጋ እናቱ "ተው!" አለችው።

አባቱ እጇን ያዘ። "ተይው፣ ይንፋው" አለ።